ደም ሲሰጥ ስለሚገለጠው ስውር የጕበት ደዌ

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ቤት ንጽሕናና ስለ ማጀት ሥርዓት በየጊዜው ሲጻፍ ቈይቷል። ዛሬ የምጽፈው ግን የማጀት ነገር ሳይሆን የደም ነገር ነው። ሆኖም አንድ ትዳር ሊፈርስበት የደረሰ ጕዳይ ስለ ሆነ ከቤተ ሰብ ገጽ የሚወጣ አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ የተከበሩ ቤቶች በዝምታ የያዙት ነገር መሆኑን ስለማውቅ፥ አንባቢዎቼ በትዕግሥት እስከ መጨረሻው እንዲመለከቱልኝ እለምናለሁ። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በባሕር ዳር ከተማ ግሽ አባይ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙን ያገኘው በሰከላ ምድር ካለው ከአባይ ምንጭ ነው። በዚሁ ሰፈር የሚኖሩ፥ ከሃያ ዓመት በላይ በትዳር የቈዩና ሦስት ልጆች ያፈሩ ባልና ሚስት የፍቺ አቤቱታ ይዘው ችሎት ቀረቡ። እኔ የችሎት ጸሐፊ እንደ መሆኔ የሁለቱን ቃል የጻፍሁት በእጄ ነው። ነገሩ ካለቀ በኋላ ግን ሁለቱም «ስማችን ካልተጠራ ለሌላው ትምህርት ይሁን፤ ጻፈው» ስላሉኝ፥ ማንነታቸውን የሚያስታውቀውን ሁሉ ትቼ የነገሩን አካሄድ ብቻ እተርካለሁ።

ባልየው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። በመሥሪያ ቤቱ የደም ልገሳ በተደረገ ጊዜ፥ በወሊድ ጊዜ ደም ስለሚፈስሳቸው እናቶች የተነገረው ልቡን ስለ ነካው እጁን ዘርግቶ ሰጠ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በደሙ ውስጥ የጕበት ቫይረስ ስለ ተገኘ ወደ ሐኪም ቤት እንዲሄድ ተነገረው። በሄደበት ቦታ ወረቀቱን ያነበበለት ሰው፥ ቦታውንም ሰውየውንም አልጠራም፥ በመተላለፊያው ላይ ቆሞ ሕዝብ እየሰማ «ይህ እንደ ኤች አይ ቪ በግንኙነት የሚተላለፍ ነው፤ ሚስትህንም አምጣ» ብሎት አለፈ። ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን የእውነቱ ሩብ ብቻ ነበር። ሩብ እውነት ደግሞ በትዳር ውስጥ ሲገባ ከሐሰት የባሰ እሳት ያነድዳል።

ሚስቲቱም ተመርምራ በእርስዋም ደም ተገኘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ችሎት ሆነ። እርሱ «እኔ ሌላ ሴት አላውቅም፤ ከአንቺ ነው» ይላል፤ እርስዋም «ለመስክ ሥራ ስትወጣ የት ታድር እንደ ነበር እግዚአብሔር ያውቃል» ትላለች። የእርስዋ ታላቅ ወንድም በመካከል ገብቶ «እኅቴን አስነውረሃል» በማለት ነገሩን አከረረው። አሮጊቷ እናታቸው ብቻ «ይህ የወፍ በሽታ ነው፤ የሌሊት ወፍ በላያቸው በርሮባቸው ነው፤ ሰውን ስለ ምን ትወቅሳላችሁ» ብለው ሲከራከሩ ከረሙ። ሽማግሌዎችም ተቀምጠው ነበር፤ ነገር ግን ስለ መሬትና ስለ ከብት የሚያውቁትን ያህል ስለ ቫይረስ ባለማወቃቸው ነገሩን ሳይፈጽሙ ተነሡ።

በእውነቱ የአሮጊቷ ቃል ከሁሉ የዋህ ቃል ነበር። በአገራችን የሰው ዓይንና ቆዳ ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ያዘው» ማለት የተለመደ ነው። ለዚህም በየአጥሩ የሚበቅለውን የስሚዛ ቅጠል ጨምቆ ማጠጣት ከጥንት የነበረ ልማድ ነው። ነገር ግን የዓይን ቢጫ መሆን የጕበት መጐዳት ምልክት እንጂ ራሱ በሽታው አይደለም፤ መንሥኤውም ብዙ ነው። ከመንሥኤዎቹም ዋነኛው ሐኪሞች በፈረንጅ ፊደል ሁለተኛ ስም «ቢ» ብለው የጠሩት የጕበት ቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ በብዙ ሰው ላይ ዓይንን ቢጫ ሳያደርግ፥ ትኵሳትም ሳያመጣ ሃያና ሠላሳ ዓመት ተሸሽጎ ይኖራል። በመጨረሻም ከተሸከሙት ሰዎች ባንዳንዱ ላይ ጕበቱን አጠንክሮ ያኰማትረዋል ወይም ነቀርሳ ያወጣበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 በዓለም ላይ 254 ሚሊዮን ሰዎች ይህን ቫይረስ ተሸክመው እንደሚኖሩ፥ በዚያውም ዓመት 1.1 ሚሊዮን ሰዎች በዚሁ እንደ ሞቱ ገምቷል።

የተገኘበትም ታሪክ ከደም ስጦታ ጋር የተያያዘ ነው። ብሉምበርግ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ የሚመራመረው ስለ ጕበት አልነበረም፤ የልዩ ልዩ ሕዝቦችን ደም እየሰበሰበ ልዩነታቸውን ይመረምር ነበር። ደማቸው ስለማይረጋ ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ደም የተሰጣቸው ሕሙማን በሰውነታቸው ውስጥ ለባዕድ ነገር መከላከያ ያበጃሉና፥ ከነዚህ ከአንዱ የተወሰደውን የደም ውሃ ከአንድ የአውስትራሊያ ነባር ተወላጅ ደም ጋር ቢያገናኘው ያልታወቀ ነገር ታየው። ነገሩንም በ1965 «የአውስትራሊያ አንቲጅን» ብሎ አሳተመው። የጕበት ቫይረስ ቅርፊት መሆኑ የታወቀው ኋላ ነው። ስለዚህም ሥራው በ1976 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ዛሬ በየደም ባንኩ የሚፈለገው ምልክት ያው በዚያን ጊዜ የታየው ቅርፊት ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። በኢትዮጵያ የደም ባንክ የተቋቋመው በ1969 በቀይ መስቀል ማኅበር ነው፤ በኋላም ወደ ጤና ሚኒስቴር ተላለፈ። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነ፥ ክብደቱም ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ ደም መስጠት ይችላል። የሚወሰደውም ደም ግማሽ ሊትር አይሞላም። ያም ደም ለሕሙማን ከመሰጠቱ አስቀድሞ ስለ አራት ነገር ይመረመራል፤ ስለ ኤች አይ ቪ፥ ስለ ጕበት ቫይረስ ቢ፥ ስለ ጕበት ቫይረስ ሲና ስለ ቂጥኝ። እንግዲህ ጤነኛ ነኝ ብሎ የመጣው ሰው ስውሩን ነገር የሚያውቀው ብዙ ጊዜ በዚሁ ምርመራ ነው።

ስለ ብዛቱ ደግሞ በጣና ማዶ በጎንደር የተደረገውን ልጥቀስ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከ2003 እስከ 2007 ድረስ ደም የሰጡ 6,361 ሰዎች የምርመራ ውጤት ተሰብስቦ በ2010 ታትሟል። ከመቶው 4.7 እጅ የጕበት ቫይረስ ቢ፥ 3.8 እጅ ኤች አይ ቪ፥ 1.3 እጅ ቂጥኝ፥ 0.7 እጅ የጕበት ቫይረስ ሲ ተገኝቶባቸዋል። ከመቶ 9.5 የሚሆኑት ከአራቱ ቢያንስ አንዱ ነበረባቸው። አንባቢዬ ሆይ፥ ልብ ብለህ ተመልከት፤ ያን ያህል ዘመን ሕዝቡ ሁሉ ስለ ኤች አይ ቪ ሲሰበክለት፥ በለጋሾቹ ደም ውስጥ ከእርሱ የበዛው ስሙ እንኳ በሕዝብ አፍ ያልተለመደው የጕበት ቫይረስ ነበር። ሦስት መቶ ያህል ሰው ማለት ነው፤ እያንዳንዱም በእግሩ ሄዶ፥ ወገኑን ለመርዳት ክንዱን የዘረጋ ሰው ነው።

ይህ ቍጥር ግን የሕዝቡ ሁሉ ቍጥር ነው ብሎ መውሰድ አይገባም። ለደም ስጦታ የሚቀርበው የታመመው ሳይሆን ጤነኛ የሚመስለው ነው፤ አብዛኛውም ወንድ ነው፤ ሕፃናትና ሽማግሌዎች የሉበትም። ደግሞም በዚያን ዘመን ይበዛ የነበረው ለዘመዱ ምትክ ለመስጠት ተጨንቆ የመጣው ሰው ነበር። ምትክ ሰጪው ወንድሙ እንዳይሞትበት ሲል ያለፈውን ሕመሙን ሊደብቅ ይችላል፤ በፈቃዱ የሚሰጠው ግን ለመደበቅ የሚያስገድደው ነገር የለም። በመላ ኢትዮጵያ የተደረጉትን ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ደምሮ በ2016 የታተመው ግምገማ የጕበት ቫይረስ ቢን ከመቶ 7.4፥ ሲን ደግሞ ከመቶ 3.1 አድርሶታል። እንግዲህ ሃያ ስምንት ሰው በተቀመጠበት ማኅበር ሁለቱ ተሸካሚዎች ቢሆኑ የሚያስደንቅ አይደለም።

አሁን ወደ ባልና ሚስቱ ክርክር ዋና ነገር ደረስሁ። ሁለተኛው ቀጠሮ ሲደርስ የሚስቲቱ ወንድም አንድ ሐሳብ አመጣ። እንዲህም አለ፤ «ቫይረሱ ዓይነት ዓይነት እንዳለው ሰምቼአለሁ። የሁለቱ ደም ወደ ውጭ አገር ተልኮ ዓይነቱ ይመርመር፤ ማን ከማን እንደ ወሰደ ያን ጊዜ ይለያል።» ነገሩ ለሰሚው ብልህነት ያለበት ይመስል ነበር፤ ባልየውም ወጪውን እችላለሁ አለ። ዳኛው ግን አስተዋይ ሰው ስለ ነበሩ ከመፍቀዳቸው በፊት አንድ የጕበት ሐኪም በባለሙያነት ቀርቦ እንዲያስረዳ አዘዙ። እኔም ቃሉን ስጽፍ የተማርሁትን ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

የጕበት ቫይረስ ቢ ተፈጥሮው 3,200 ያህል ፊደላት ባሉት አጭር ጽሕፈት የታተመ ነው። ራሱን ሲያባዛ ጽሕፈቱን ይገለብጣል፤ ሲገለብጥም እንደ ደከመው ደብተራ አንዳንድ ፊደል ይስታል። ስሕተቱም ከዘመን ወደ ዘመን እየተጠራቀመ፥ በሩቅ ለሩቅ አገር የሚኖሩት ቫይረሶች ልዩ ልዩ ነገድ ሆኑ። የጃፓን ሊቃውንት በ1988 ከመቶ ስምንት እጅና ከዚያ በላይ የሚለያዩትን ልዩ ዓይነት ናቸው ብለው በአራት ከፈሉአቸው፤ ዛሬ አሥር ያህል ደርሰዋል። «ኢ» የተባለው በምዕራብ አፍሪካ፥ «ቢ»ና «ሲ» የተባሉት በሩቅ ምሥራቅ፥ «ዲ» የተባለው በሰሜን አፍሪካ፥ በመካከለኛው ምሥራቅና በሜዲትራንያን ዙሪያ ይበዛሉ። «ኤ» ከተባለውም አንዱ ቅርንጫፍ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ይበዛል። በኢትዮጵያ በተደረጉት ምርመራዎች በብዛት የታዩት «ኤ»ና «ዲ» ናቸው። ይህም በሁለት መንገድ መካከል የተቀመጠች አገር መሆንዋን የሚመሰክር ይመስላል፤ አንደኛው ወደ አፍሪካ መካከል፥ ሁለተኛው በቀይ ባሕርና በዓባይ ወንዝ ወደ ሰሜን የሚሄድ። ለታሪክ ጸሓፊ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለሐኪምም ይጠቅመዋል፤ አንዳንዱ ዓይነት ለመርፌው መድኃኒት ከሌላው ይልቅ ይታዘዛልና።

ለዳኛ ግን ምን ይጠቅማል? ሐኪሙ ሲጠየቅ እንዲህ አለ፤ «ሁለቱም አንድ ዓይነት ቢሆኑ፥ በዚህ አገር ካለው ተሸካሚ ሁሉ ጋር አንድ ዓይነት ሆኑ ማለት ነው እንጂ እርስ በርሳቸው ተሰጣጡ ማለት አይደለም። ልዩ ልዩ ዓይነት ቢሆኑ፥ አንዱ ለሌላው አልሰጠም ለማለት ይረዳ ይሆናል። ጽሕፈቱን ፊደል በፊደል አነጻጽረን እጅግ የተቀራረበ ብናገኘው እንኳ፥ ከአንድ ምንጭ መጡ እንላለን እንጂ ምንጩ ባልየው ነው ወይም ሚስቲቱ ናት ማለት አንችልም።» ዳኛውም ጥቂት ካሰቡ በኋላ «እንግዲህ ይህ ምስክር ሌባው ጋቢ ለብሶ ነበር ብሎ እንደሚመሰክር ሰው ነው፤ በጎጃም ጋቢ ያልለበሰ ማን አለ?» ብለው የምርመራውን ጥያቄ ሳይቀበሉት ቀሩ። በችሎቱ የነበረው ሁሉ ሳቀ፤ ሚስቲቱ ብቻ አልሳቀችም።

ሐኪሙ ግን አልጨረሰም ነበር፤ ከዓይነቱ ይልቅ የሚያስረዳው ዕድሜው ነው አለ። ከእናቱ ሲወለድ ቫይረሱን የሚቀበል ሕፃን ከአሥሩ ዘጠኙ ዕድሜውን ሁሉ ተሸካሚ ሆኖ ይቀራል። ከአምስት ዓመቱ በፊት የሚያገኘው ሕፃን ከሦስት አንድ ያህሉ ይቀርበታል። ጎልማሳ ሆኖ የሚያገኘው ግን ከመቶው ዘጠና አምስቱ በጥቂት ወራት ውስጥ በራሱ ኃይል ያስወግደዋል። ስለዚህ አንድ ጎልማሳ ቫይረሱን ከስድስት ወር በላይ ተሸክሞ ቢገኝ፥ ያገኘው ትናንት በመስክ ሥራ ላይ ሳይሆን ድሮ በእናቱ እቅፍ ሳለ ወይም ከእኩዮቹ ጋር አፈር ሲፈጭ ሳለ ነው ብሎ መጠርጠር ይበልጥ ይገባል። «ባልየው ሌላ ሴት አያውቅም ብዬ አልመሰክርም» አለ ሐኪሙ፤ «ይህ ወረቀት ግን ስለዚያ አንዳች አይናገርም።»

በዚህ ጊዜ ለሐኪሙ የሚበቃው ለፍርድ ቤት የማይበቃ፥ ለፍርድ ቤት የሚበቃውም ለሐኪሙ የማይበቃ መሆኑን አየሁ። ሐኪሙ ስድስት ወር ጠብቆ ሁለተኛ ምርመራ ማድረግ ነበረበት። ዳኛው ግን መዝገብ አቆየ መባልን ይፈሩ ነበር። ሆኖም ባልና ሚስቱ ራሳቸው እንዲጠበቅላቸው ስለ ለመኑ ቀጠሮው ተራዘመ።

ስለ ሕጉም አንድ ቃል ልጨምር፤ ወንድምየው እርሱንም አንሥቶት ነበርና። በ2000 የወጣው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ አንዱ ተጋቢ የማይድን ወይም በዘር ወደ ልጅ የሚተላለፍ በሽታ ያለበት መሆኑን ሌላው ሳያውቅ ቢያገባ መሠረታዊ ስሕተት ነው ይላል። ነገር ግን ይህ ቫይረስ ከእናት ወደ ልጅ ቢሄድም በዘር የሚወረስ አይደለም። የሚሄደው በወሊድ ጊዜ በደም ነው፤ የአባትና የእናት ዘር ንጹሕ ነው። በአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሰው ሲገኝ «የዘር በሽታ ያለበት ቤት» ብሎ ልጅ ከመዳር የሚከለከል ዘመድ ብዙ ስለ አየሁ ነው ይህን ማለቴ። እንዲህ ያለው ክልከላ ስንት እጮኝነት እንዳፈረሰ የሚያውቅ የሽምግልና አባት ይመስክር።

መተላለፊያው መንገድ እንግዲህ የታወቀ ነው፤ ወሊድ፥ ደም፥ የባልና የሚስት ግንኙነት፥ ደም የነካው ስለት። የደረቀ ደም ውስጥ ቫይረሱ ቢያንስ ሰባት ቀን ሊቈይ ይችላል። ስለዚህ በአገራችን ሊታሰብባቸው የሚገባቸው ነገሮች አሉ፤ ለብዙ ሰው ዋግምት የሚመታበት ምላጭ፥ ለመንደሩ ልጆች ሁሉ እንጥል የሚቈረጥበት መሣሪያ፥ የግርዛት ስለት፥ ድድና አንገት የሚነቀስበት መርፌ፥ በአንድ ቤት ውስጥ አባትና ልጆች የሚላጩበት አንድ ምላጭ። እኔ ራሴ በቆሎ ተማሪነቴ ጊዜ በአንድ ምላጭ አሥራ አንድ ሆነን ራሳችንን እንላጭ እንደ ነበር አስታውሳለሁ፤ ምላጩም የመምህራችን ውድ ንብረት ነበር። በአንድ መሶብ መብላት፥ መጐራረስ፥ በአንድ ዋንጫ መጠጣት፥ መሳሳም፥ መጨባበጥ ግን አያስተላልፍም። እናትም ልጅዋን ጡት ከማጥባት አትከለከልም። ሚስቲቱ ይህን ከመስማትዋ በፊት ለባልዋ ሳሕንና ብርጭቆ ለይታ፥ ጉርሻም ትታ ነበር። በችሎት ካለቀሰችው ሁሉ አብዝታ ያለቀሰችው የዚህን ነገር ቃል ስትሰጥ ነው።

መከላከያው ክትባት ነው፤ የመጀመሪያው በአሜሪካ የተፈቀደው በ1981 ነው። በኢትዮጵያ ከ2007 ጀምሮ ሕፃናት በ6ኛው፥ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንታቸው ከሚወጉት ክትባት ጋር ተቀላቅሎ ይሰጣል። ከእናት በወሊድ የሚተላለፈውን ለማቋረጥ ግን ስድስት ሳምንት የዘገየ ስለ ሆነ፥ የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን መርፌ እንዲወጋ ከ2009 ጀምሮ ይመክራል። ክትባቱ ላልተያዘ ሰው እንጂ ለተያዘው መድኃኒት አይሆንም፤ ስለዚህ ከተሸካሚው ጋር የሚኖር ባል ወይም ሚስትና ልጆች ተመርምረው፥ ነጻ ከሆኑ መከተብ ይገባቸዋል።

ለተሸካሚው ደግሞ ቴኖፎቪር የሚባል በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን አለ። ቫይረሱን ከሰውነት ጨርሶ አያወጣም፤ ነገር ግን መባዛቱን ገትቶ ጕበቱን ያሳርፈዋል። መድኃኒቱ ለሁሉ አያስፈልግም። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 በተጀመረው ክትትል ከተመዘገቡት ከ1,300 የሚበልጡ ሰዎች መድኃኒት የሚያስፈልገው ሩብ ያህሉ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል፤ የቀሩት በየጊዜው መታየት ይበቃቸው ነበር። አረቄና ሌላም መጠጥ ግን ለሁሉም ክፉ ነው። ሻጋታ ያበቀለ በቆሎና ለውዝም እንዲሁ፤ ከሻጋታው የሚወጣው መርዝ ከቫይረሱ ጋር ተባብሮ የጕበት ነቀርሳን ያፋጥናልና። ስለ ስሚዛ ጭማቂም ሐኪሙ ሲጠየቅ፥ የታመመ ጕበት መጠኑ ያልታወቀ መድኃኒት ሁሉ እንደ ተጨማሪ ሸክም ሊሆንበት እንደሚችል ተናግሯል። ጠበልን በተመለከተ «እኔም እጠመቃለሁ፤ ክኒኑን ግን በጠበል ዋጡት እንጂ አታቋርጡት» አለ።

ከጕበት ጋር የተያያዘ ስም ይዞ የነበረ አንድ ሌላ ቫይረስ አለ፤ ነገሩ ከክርክራችን ትንሽ ቢያርቀንም ሳላነሣው አላልፍም። በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ የነበረ ስሙ በሁለት ፊደል «ጂ ቢ» ተብሎ ብቻ የተመዘገበ ቀዶ ጥገና ሐኪም ጕበቱ ታመመ። ደሙም ወደ ትናንሽ ጦጣዎች ገብቶ ተመረመረ፤ ውጤቱም በ1967 ታተመ። ከዚያ በተወጠነው ፍለጋ በ1995 ሁለት ቡድኖች ለየብቻቸው በሰው ደም ውስጥ አንድ አዲስ ቫይረስ አገኙ። «የጕበት ቫይረስ ጂ» ተብሎም ሕዝብን ሁሉ አስደነገጠ። በኋላ ሲመረመር ጕበትን የማይነካ ሆነ፤ ስሙም በ2011 ተለውጦ ፔጊቫይረስ ተባለ። በሀብታሞቹ አገሮች ከሚሰጡት ጤነኛ የደም ለጋሾች ከመቶ ከአንድ እስከ አምስቱ፥ በሌሎች አገሮች እስከ ሃያው ድረስ ተሸክመውት ይገኛሉ። ዓይነቶቹም እንዲሁ በየአገሩ የተከፋፈሉ ናቸው፤ አንደኛው በምዕራብ አፍሪካ፥ ሁለተኛው በአውሮፓና በአሜሪካ፥ ሦስተኛው በሩቅ ምሥራቅ፥ አምስተኛው በደቡብ አፍሪካ ይበዛል። እጅግ የሚያስደንቀው ግን በ2001 የታተሙ ሁለት ጥናቶች ኤች አይ ቪ ካለባቸው ሰዎች መካከል ይህንም የተሸከሙት ከሌሎቹ ይልቅ ዕድሜያቸው ረዝሞ ማግኘታቸው ነው። የደም ባንኮች አይፈልጉትም፤ ቢያገኙትም ለሰውየው የሚነግሩት ክፉ ወሬ የላቸውም። በደም ውስጥ የተገኘ ሁሉ የኃጢአት ማስረጃ ነው ብሎ የሚፈርድ ሰው፥ በዚህ በፔጊቫይረስ ላይ ምን ብሎ እንደሚፈርድ ልጠይቀው እወዳለሁ።

ስድስቱ ወር ሞላና ባልና ሚስቱ እንደ ገና ተመረመሩ፤ ቫይረሱ በሁለቱም ላይ ነበረ። እንግዲህ አዲስ ሳይሆን የቈየ ሆነ ማለት ነው። ልጆቹም ተመረመሩ። በ2004 የተወለደው የመጀመሪያው ልጅ ተሸካሚ ሆኖ ተገኘ፤ በ2010ና በ2013 የተወለዱት ሁለቱ ሴቶች ልጆች የሕፃንነት ክትባታቸውን ስለ ጨረሱ ይሁን በሌላ ምክንያት ነጻ ናቸው። ሐኪሙም ምናልባት እናትየዋ ከመጋባታቸው በፊት ጀምሮ ሳትይዘው አልቀረችም፥ ባልየውም ለብቻው ከልጅነቱ ጀምሮ ሳይኖርበት አልቀረም ብሎ ቃሉን ሰጠ። «ሳትይዘው አልቀረችም» የሚለውን ቃል ስጽፍ፥ ለውሳኔ የማይበቃ መሆኑን ሁላችንም ዐወቅን፤ ሆኖም ለክስም አልበቃም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ማንም አልጠበቀውም። ያ ነገሩን ሁሉ ያከረረው ወንድም፥ ለማንም ሳይናገር ብቻውን ሄዶ ተመርምሮ ኖሯል። በእርሱም ደም ያው ቫይረስ ተገኘ። ወረቀቱን ይዞ ወደ እኅቱ ቤት መጥቶ ጠረጴዛ ላይ አኑሮላት አንዲት ቃል ሳይናገር ወጣ። ወንድምና እኅት በአንድ ቤት ያደጉ፥ አንዲት እናት የወለደቻቸው ናቸው፤ የቀረውን አንባቢ ራሱ ያስበው። አሮጊቷ እናታቸው ግን እስከ ዛሬ አልተመረመሩም። ልጃቸው ስትለምናቸው «ልጄ፥ በዚህ ዕድሜዬ ዐውቄው ምን ልሠራበት? እናንተን የጎዳኋችሁ እኔ መሆኔን ልሰማ ነው?» አሉአት። ከዚያ ወዲህ ደግማ አልጠየቀቻቸውም።

አቤቱታው ተነሥቶ መዝገቡ ተዘግቷል። ባልየው መድኃኒት እንዲጀምር ታዝዞለታል፤ ሚስቲቱና ልጅዋ በየስድስት ወሩ ይታያሉ። ሳሕኑና ብርጭቆው ተመልሶ አንድ ሆኗል። ወንድምየውም ክትትል ጀምሯል። የእርሱና የአማቹ ቀጠሮ አንድ ቀን ላይ ስለ ዋለ፥ ሁለቱ በየሦስት ወሩ በአንድ አግዳሚ ወንበር ጫፍና ጫፍ ይቀመጣሉ፤ እስካሁን ግን አይነጋገሩም።